ታጠብና ግባ

አባቴ በሕይወት ዘመኑ የገዛ ቤቱን በር አንኳኩቶ አያውቅም። የሚያንኳኳው ድንጋይ ላይ ነበር።

የቤታችን እንጀራ ጠጠር ነው። ከጓሯችን ካለው ረጅም ጉብታ ጠጠር እንቆፍራለን፣ በወንፊት እንለያለን፣ ለመንገድ ሠሪና ለቤት ሠሪ እንሸጣለን። ከዚህ ሥራ የሚመለስ ሰው ከራስ ፀጉሩ እስከ ጫማው አቧራ ነው። እናቴ ደግሞ አቧራን እንደ ጠላት ነው የምታየው። ገና ሲጋቡ አንድ ሕግ አወጣች፤ "ከነአቧራህ ደጄን አትረግጥም።" ስለዚህ አባቴ ከሥራ ሲመለስ ግቢው መሀል ያለውን ትልቅ ድንጋይ በአካፋው ጀርባ ይመታል። ኳ፣ ኳ። ከዚያ ትንፋሽ ይወስዳል፤ አቧራው ደረቱን አስቀድሞ ስለያዘው ሁለቴ ከመታ በኋላ ማረፍ ነበረበት። ከዚያ ሦስተኛው፣ ኳ። እናቴ ሳፋና ጆግ ይዛ፣ ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ትወጣለች። እጁን ታስታጥበዋለች፣ አንገቱን ታስታጥበዋለች፤ አብሶ ጨርሶ ወደ በሩ ሲያመራ "ታጠብና ግባ" ትለዋለች። እሱም ዞር ብሎ "ደግሞ ምኔ ቀረ?" ይላታል። ቀልዳቸው ይኸው ነበር። እኛ ልጆቻቸው ሰልችቶን አደግን፤ እነሱን ግን አንድ ቀን እንኳ አልሰለቻቸውም።

አባቴ ከሞተ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። የሞተው ሆስፒታል ነው፣ አልጋ ላይ፣ እጁን ይዤው። የተቀበረው ደግሞ ከቤታችን በመኪና ረጅም መንገድ ርቆ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ የሚጠይቀኝ ሰው እንዳይኖር ነው።

አገሩን ላላየ ደግሞ ትንሽ ላስረዳ። ጠጠር የምናወጣበትን ጉብታ ሰው ሁሉ እባቡ ይለዋል። ሜዳው ላይ ወዲያና ወዲህ እየተጠማዘዘ ይሄዳል፤ ጎኑ ቀጥ ያለ ነው፣ ጀርባው ላይ አንድ ጋሪ እንጂ ሁለት አይተላለፍም፤ ጅራቱ ጫካው ውስጥ ይጠፋል፣ ራሱ እኛ ጓሮ ያርፋል። ሆዱ ውስጥ ያለው ጠጠር ሁሉ ድቡልቡል ነው፣ ወንዝ ያጠበው ጠጠር። ወንዝ ግን ባካባቢው የለም። ከእባቡ ወዲያ ያሉት ትናንሽ ኮረብቶች ሁሉም አንድ መልክ ናቸው፤ ባንድ በኩል ወፍራም፣ በሌላው ቀጭን፣ እንደ ተኛ መንጋ ሁሉም ፊታቸውን ወደ አንድ አቅጣጫ አዙረዋል። ልጅ ሆኜ በመስኮት ሳያቸው የሆነ ነገር ሲመጣ ሰምተው ዞር ያሉ ይመስለኝ ነበር። ከመንገዱ ማዶ ገበቴ የሚባል ኩሬ አለ። የሚገባበት ወንዝ የለ፣ የሚወጣው ወንዝ የለ፣ ክብ ሆኖ የተቀመጠ ጥቁር ውሃ ነው። አባቴ የሚመታው ድንጋይ ደግሞ እንግዳው ይባላል። ቁመቱ ከሰው ይበልጣል፤ የአገሩ ድንጋይ ሁሉ ግራጫ ሆኖ ሳለ እሱ ብቻ ቀይ ነው። ከየት እንደመጣ የሚያውቅ አልነበረም። አባቴ "ደክሞት ነው የተቀመጠው፤ ሲያርፍ ይሄዳል" እያለ ይቀልድ ነበር።

ከወጥ ቤታችን ሥር አባቴ ራሱ የቆፈረው ምድር ቤት አለ። ሰው ሸሚዙን አውልቆ በሚውልበት ሙቀት እንኳ እዚያ የወረደ ሰው የገዛ ትንፋሹን ያያል። ወተቱ አይጠምም፣ ሥጋው አይሸትም። ሲቆፍር ምን እንዳገኘ ለማንም አልተናገረም። ብቻ አንድ ነገር አጥብቆ ይናገር ነበር፤ "የእባቡን ራስ እንዳትነኩ። ምድር ቤቱ ይሞቅብናል።" ምክንያቱ ይኸው ነበር፣ ሌላ የለውም። ጠጠሩ የቱን ያህል ቢያምር ከቤቱ ጀርባ ያለው ጫፍ አይቆፈርም፤ ይህን ሕግ ስናከብር አደግን።

እሱ ከሞተ በኋላ ፍሪጅ ገዛን።

ታላቅ ወንድሜ፣ ጋሼ የምለው፣ ሶኬቱን እንደሰካ ዞር ብሎ አየኝ። እኔም አየሁት። "እንግዲህ ምድር ቤቱ ቢሞቅስ ምን ቸገረን?" አለ። ምንም አልቸገረንም። የእባቡ ራስ ላይ ያለው ጠጠር በእጅ የተለቀመ ነው የሚመስለው፤ ማጣራት እንኳ አይፈልግም። ጋሼ የጠጠር መዛቂያ ሎደሩን አስነስቶ ገባበት፣ እኔም ወንፊቱ ላይ ቆሜ እየሳቅሁ ተቀበልኩት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለው ለእኛ ነው።

በዚህ አጋጣሚ እኔንም ሰዉ ወንፊት ነው የሚለኝ። ያልተጣራ ነገር አላሳልፍም ማለቱ ነው። ምሥጢር አይቆይባትም ማለቱ ነው የሚሉም አሉ፤ እነሱን አልሰማቸውም።

መጀመሪያ ያመፀው የወጥ ቤቱ በር ነው። አልዘጋ አለ። ጋሼ ከሥሩ ላገው፤ በሳምንቱ አልከፈት አለ። ቀጥሎ ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጥነው ሽንኩርት እየተንከባለለ መውደቅ ጀመረ፤ ወድቆም አይቆምም፣ ወለሉን አቋርጦ ወደ ምድር ቤቱ ደረጃ ይሄዳል። ሁልጊዜ ወደዚያው። ከታች ውሃ ማቆር ጀመረ፤ የጠራ፣ ምንም ጣዕም የሌለው፣ ጥርስ የሚያደነዝዝ ውሃ። ገልባጭ መኪና የሚያሽከረክሩት ልጆች "ቤታችሁ ምን ሆኖ ነው አንገቱን የደፋው?" ሲሉን በሳቅ አለፍናቸው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ አገር ሁሉ ያወራበት ነገር እኛ ዘንድ የደረሰው መጨረሻ ላይ ነው።

ከዚያ ድምፁ መጣ።

ምሳ ላይ ነበርን። ፀሐዩ መስኮቱን ሞልቶታል። ከእግራችን ሥር፣ ከጥልቅ፣ ኳ አለ። ቆይቶ ደግሞ ኳ። ማንኪያዬ አየር ላይ ቀረ። እናቴ ተነሳች። ሳፋውን ከግድግዳው አወረደች፣ ጆጉን ሞላች፣ ፎጣውን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ወጣች። በመስኮት አየናት። እንግዳው አጠገብ ቆማ ዙሪያዋን ቃኘች፤ ከዚያ ውሃውን መሬት ላይ ደፍታ ተመለሰች።

"ማንም የለም" አለች።

"ቧንቧው ነው" አለ ወንድሜ።

"ቧንቧው በዚህ በኩል አያልፍም" አለችና ምሳዋን ቀጠለች። አባቴን ከቀበርን ወዲህ እንደዚያ ጉንጯ ቀልቶ አይቻት አላውቅም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ድምፁ ተመላለሰ። አንዳንዴ አንድ ጊዜ ብቻ፣ አንዳንዴ እንደሚቆላ በቆሎ ተከታትሎ። አንዳንዴ ማንኳኳቱ ቀርቶ ረጅም ትንፋሽ ይሆናል፤ አንድ ትልቅ ሰውነት ያለው ነገር በእንቅልፉ ጎኑን ሲለውጥ የሚወጣው ዓይነት። እናቴ አልጋዋን ወደ ወጥ ቤት አዛወረች። ውላ አድራ ደግሞ ወደ ደጅ መውጣቱን ትታ፣ ምድር ቤቱ ደረጃ ጫፍ ላይ ቆማ "መጣሁ፣ መጣሁ፣ ምን ያስቸኩልሃል" ማለት ጀመረች።

እኔ በሙታን መንፈስ አላምንም። ለሕያዋንም ቢሆን ትዕግሥቴ አጭር ነው። "እማ፣ አባባ ቢሆን ኖሮ እንግዳውን ነበር የሚመታው። ከታች ምን ያደርጋል?" አልኳት።

"አፈር ውስጥ አይደል ያለው?" አለችኝ። "በየት በኩል እንዲያንኳኳ ፈለግሽ?"

ስታየኝ የነበረበት ዓይን አስፈራኝ። ደስተኛ ነበረች።

የመሬት ባለሙያዋ የመጣችው ለሌላ ጉዳይ ነው። አንድ መንገድ ሠሪ ድርጅት ከመግዛቱ በፊት የጠጠራችንን ናሙና እንድትመረምር ላካት። ቦት ጫማና ባርኔጣ ያደረገ ሰው ሁሉ ለወንድሜ ኢንጂነር ነው፤ አይደለሁም ብትለውም "እሺ ኢንጂነር" እያለ እባቡን አስጎበኛት። የእባቡ ራስ ጋ ሲደርሱ ቆመች። ዝናብ ከጠፋ ሰንብቷል፤ የተቆረጠው ጠጠር ግን ከሥሩ ላብ ያልበው ነበር። እጇን አስጠጋችና ቶሎ መለሰችው።

"ይሄ ቤት ምድር ቤት አለው?" አለችኝ።

አብሬያት ወረድኩ። ውሃው ቁርጭምጭሚት ያልፋል። ያመጣችውን የብረት ዘንግ ወለሉ ውስጥ በመዶሻ እየመታች ሰደደችው። ትንሽ እንደገባ ድምፁ ተለወጠ፤ ጠጠር ሲመታ ይንኮሻኮሻል፣ ይሄኛው ግን ጮኸ። በአካፋ ገለጥ አደረግነው። ከሥሩ ግራጫ፣ እንደ ቆሸሸ መስታወት ያለ፣ ውስጡ ጠጠር የተሰካበት በረዶ ነበር። መብራቷን አስጠግታ ስታየው ብርሃኑ ወደ ውስጥ ገባ፣ ገባ፣ ማብቂያውን አላየሁትም። ቁራጭ ሰብራ በመዳፏ ያዘችና በጣም ቀስ ብላ "ወደ ላይ እንውጣ" አለች። ሰው የተኛ ሕፃን አጠገብ እንደሚናገረው።

ወጥ ቤት ተቀመጥን፤ እሷ፣ ጋሼ፣ እማና እኔ። ቁራጩን የውሃ ብርጭቆ ውስጥ ጣለችው። ጧ፣ ጧ፣ ጧ እያለ መፈንዳት ጀመረ።

"ውስጡ የታሰረ አየር ነው" አለች። "ሰው ማረስ ከመጀመሩ በፊት የነበረ አየር። በረዶው ሲቀልጥ ይወጣል። ቁራጩ ይህን ያህል ከጮኸ፣ ትልቁ ሲሰነጠቅ እንደሚያንኳኳ ሰው ነው የሚሰማው።"

"ትልቁ?" አለ ወንድሜ።

"ድሮ ይህ አገር ሁሉ ከበረዶ ግግር ሥር ነበር። ከዚህ ጣሪያ በላይ፣ ከኮረብቶቹም በላይ። ደግሞ ዝም ብሎ የተቀመጠ አይደለም፣ ይሄዳል።"

"በረዶ ይሄዳል?"

"በጣም ቀስ ብሎ።"

"ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" አለ ጋሼ። ማንም አልሳቀለትም።

"እንደዚያው ነው። ሲሄድ ከሥሩ ያለውን ይፈጫል፣ ይጎትታል። እነዚያን ኮረብቶች እንደዚያ አድርጎ ያለሳለሳቸው እሱ ነው፤ ወፍራሙ ጎናቸው እሱ ወደመጣበት ያያል። ግቢያችሁ ያለውን ቀይ ድንጋይ ከሩቅ አገር አዝሎ አምጥቶ ያወረደው እሱ ነው። እባቡ ደግሞ በበረዶው ሆድ ውስጥ፣ በዋሻ ይፈስ የነበረ ወንዝ ነው። በረዶው ሲቀልጥ የወንዙ ጠጠር ብቻ ቀረ።"

ያ የፈለግነው ወንዝ ለካ ጣሪያው በረዶ ነበር። ልጅ ሆኜ በጀርባው ላይ የሮጥኩበት ጉብታ ጨለማ ውስጥ የፈሰሰ ውሃ ሬሳ ነበር።

"አንዳንዴ ግን" አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ትልልቅ የበረዶ ቁራጮች ጠጠር ተጭኗቸው ሳይቀልጡ ይቀራሉ። ጠጠሩ ብርድ ልብስ ይሆናቸዋል። ይህን ያህል ዘመን የቆየ ሲገጥመኝ ግን የመጀመሪያዬ ነው። ሲቀልጡ መሬቱ ይሰምጣል፣ ጉድጓዱን ውሃ ይሞላዋል።"

"ገበቴ" አልኩ።

"አዎ፣ እንደዚያ ኩሬ።"

"ከእኛ ሥር ያለውስ ምን ያህላል?"

በመስኮቱ ወደ ገበቴ አየች። "እኩያው ሊሆን ይችላል" አለች። "ብርድ ልብሱ ተገፏል። በረዶው ከላይ ከቀለጠ ወለላችሁ ባዶ ላይ ነው የቆመው። ዛሬ ብትወጡ ጥሩ ነው። ነገ አልላችሁም።"

ወንድሜ እጆቹን እያየ ቀረ። እኔ የአባቴን ቃል እያሰብኩ ነበር፤ ምድር ቤቱ ይሞቅብናል። እናቴ ግን ብርጭቆውን አንስታ ጆሮዋ ላይ ለጥፋው ነበር። ዓይኗን ጨፍና ፈገግ ብላለች።

ካልጠፋ ነገር ልቤን ያራደው ያ ፈገግታ ነው።

ባለሙያዋ እንደሄደች እናቴ ፊት ተቀመጥኩ። "እማ፣ ሰምተሻል። የሚያንኳኳው በረዶ ነው።"

"ሰምቻለሁ።"

"ታዲያስ?"

"በረዶ ነው አለች፣ በረዶ ነው። የተማረች ልጅ ናት፣ ምን ብላ ትዋሻለች? ግን አባትሽ በምን ያንኳኳ? አካፋው ደጅ ቆሟል። ያገኘውን ነዋ የሚመታ።"

እንዲህ ካለች ሴት ጋር ምን ክርክር አለ? ተቆጣሁ፣ ጮህኩ፣ ጠረጴዛውን መታሁ። እሷ ወይ ፍንክች። "ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፁን ሳልሰማ ኖሬ አሁን ሲጠራኝ ጥዬው ልሂድ?" አለች። "ቢያንኳኳ፣ ቢያንኳኳ፣ ውሃ ይዞ የሚወጣለት ቢያጣስ? አቧራውን ለብሶ ደጅ ይደር?" ቁጣዬ ባንዴ በረደና ተነስቼ ወጣሁ።

ጋሼ በበኩሉ ጉልበቷን ይዞ ለመናት። "እማዬ፣ አፈር ስሆንልሽ" አላት።

"አፈር ከመሆንህ በፊት አፈሩን መልስ" አለችው።

እውነት መስሎት መለሰ። ሎደሩን አስነስቶ ያወጣነውን ጠጠር፣ አጥበን የከመርነውን ሳይቀር፣ ቀኑን ሙሉ እባቡ ራስ ላይ መልሶ ይደፋ ጀመር። "ብርድ ልብሱን እያለበስኩት ነው" ይለኛል ላቡን እየጠረገ። የደፋው ጠጠር ግን አይቆለልም፤ ጠዋት ስንመለስ ጉብታው ካቻምና እንደነበረው ሳይሆን ትናንት ከነበረው እንኳ ዝቅ ብሎ እናገኘዋለን። ከሥር የሚቀበል ነበር።

ዕቃውን ጥቂት በጥቂት አወጣን። መጀመሪያ የወጣው ፍሪጁ ነው፤ ማየት አስጠልቶኝ ነበር። ለእናቴ አልጋዋ፣ ወንበሯ፣ ሳፋዋ፣ ጆጓና ፎጣዋ ብቻ ቀረላት። አንድ ቀን ጋሼ አቅፎ ሊያወጣት ሞከረ። የበሩን መቃን በሁለት እጇ ጨብጣ "ሸክም አይደለሁም" አለችው፤ ሲስባት የእጇ አንጓ ሰማያዊ ሆነ። ያን ሲያይ አስቀምጧት ደጅ ወጣና ሎደሩን ተደግፎ አለቀሰ። ከዚያ በኋላ ሁለተኛ ሊነካት አልደፈረም፤ ተራ በተራ ግቢው ውስጥ ከመጠበቅ ሌላ ምንም አልቀረልን።

ቀኑ ሲመጣ ደማቅ ፀሐይ ነበር። ጋሼ ጉብታው ጋ ነው፣ እኔ እንግዳውን ተደግፌ ተቀምጫለሁ። ወፍ የሚባል አልነበረም። መጀመሪያ የሰማሁት የመስኮት መስታወት ሲሰነጠቅ ነው፤ አንዱ፣ ከዚያ ቀጣዩ፣ በሥርዓት፣ አንድ ሰው እየተራመደ እንደሚሰብራቸው። ግድግዳው ላይ ስንጥቅ ከመሠረቱ ተነስቶ ወደ ጣሪያው ሲወጣ በዓይኔ አየሁት። ሮጥኩ። የወጥ ቤቱ በር ተቆልምሞ አልከፈት አለ። በተሰበረው መስኮት አንገቴን አስገባሁ።

እናቴ ምድር ቤቱ ደረጃ ጫፍ ላይ ወንበሯን አድርጋ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀምጣለች። ሳፋው ጭኗ ላይ ነው። ከፊቷ ደረጃው አልነበረም። ጨለማ ብቻ ነበር፣ ከጨለማው ሥር የሚንቀሳቀስ ውሃ፣ ከውሃው ሥር ደግሞ ያ ማንኳኳት፣ ሳያቋርጥ፣ እንደ ዝናብ።

"እማ፣ ውጪ!"

"ቆይ ልጄ" አለች ሳትዞር። "እየጠራኝ ነው።"

የሳሎኑ በር ክፍት ነበር፤ በዚያ ዞሬ መግባት እችል ነበር። ግን ብጎትታት መቃኑን እንደምትጨብጥ አውቃለሁ፤ ያን ጊዜ ሁለታችንም አንወጣም። ዞር ስል የአባቴን አካፋ አየሁት፤ እሱ እንዳቆመው፣ እንግዳው ላይ ተደግፎ ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም ያልነካው። አነሳሁት። ድንጋዩን በጀርባው መታሁ። ኳ፣ ኳ፣ ኳ።

ከመስኮቱ ወዲያ የእናቴ ጭንቅላት ቀና አለ። ከታች ያለው ድምፅም ባንዴ ዝም አለ። ተነሳች። በዚያች ሰዓት እንኳ፣ ግድግዳው ሲከፈል፣ ጣሪያው ሲያቃስት፣ ጆጉን መሙላት አልረሳችም። ከባልዲው ስትቀዳ ቆሜ አየኋት፤ በሕይወቴ እንደዚያ ረጅም ነገር አላየሁም። ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገች። ባዘነበለው ሳሎን ውስጥ ግድግዳውን በክርኗ እየተደገፈች አልፋ፣ በበሩ ወጥታ፣ ግቢውን አቋርጣ መጣች።

ቤቱ አልፈረሰም። ተቀመጠ። ቀኑን ሙሉ ቆሞ የዋለ ሰው ወንበር ሲያገኝ እንደሚሆነው፣ ጣሪያው ቀጥ ብሎ ወረደ፤ ግድግዳዎቹ ተከተሉት፤ ድምፁ የመጣው ከሁሉም በኋላ ነው። አቧራው ተነሳ። ከአቧራው በኋላ ብርዱ ወጣ። በዚያ ሙቀት ከጉድጓዱ ውስጥ የወጣው አየር ፊቴን አደነዘዘው፤ የእናቴን ቀሚስ ወደ ኋላ አርገበገበው። ሽታ አልነበረውም። ማንም ተንፍሶት የማያውቅ አየር ነበር።

እናቴ ወደ ኋላ አላየችም። የምታየው እጄ ላይ ያለውን አካፋ ነው።

"አንቺ ነሽ" አለች።

"እኔ ነኝ።"

"ያም ሁሉ አንቺ ነበርሽ?"

ቤቷ ከጀርባዋ ሲቀበር ያልተለወጠው ፊቷ ያን ጊዜ ረገፈ። ነፍሷን አድኜ ባሏን ዳግመኛ እንደገደልኩባት ገባኝ። በረዶው ነው ማለት እችል ነበር፤ እውነቱም እሱ ነው፣ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ዓይኗን እያየሁ አልወጣልኝም።

"አይደለሁም እማ" አልኳት። "ያ አባባ ነበር። እኔ ያሁኑን ብቻ ነኝ።"

ስኳር ሰርቆ የሚክድ ልጅ እንደምታየው አየችኝ። ወንፊት የምትባል ልጇ፣ በምንም የማታምነው፣ አባባ ነበር ስትል ማን ያምናታል? "ለእኔ ብለሽ አትዋሺ" አለችና ሳፋውን ልታስቀምጥ ጎንበስ አለች።

ከጉድጓዱ ውስጥ፣ ኳ አለ። ኳ።

ጎንበስ እንዳለች ቀረች። ጋሼ ከሎደሩ ወርዶ እየሮጠ ሲመጣ መሀል ላይ ቆመ። ቀጥሎ የሰማሁትን ከዋሸሁ ዓይኔን ግንባር ያድርገው፤ ከዚያ ሁሉ ፍርስራሽ ሥር፣ ደረቱ አቧራ የሞላ ሰው እንደሚወስደው ያለ፣ ረጅም፣ ሻካራ ትንፋሽ ወጣ። ከዚያ፣ ኳ።

ጋሼ ባርኔጣውን አወለቀ።

እናቴ ቀና ብላ አየችኝ። ፊቷ ተመልሶ ነበር። "እውነትሽን ነው" አለች። "አንቺ ትንፋሽ አልወሰድሽም።"

ወደ ጉድጓዱ አፍ ሄደች። ቀሚሷን ከኋላ ጨብጬ ተከተልኳት። ጆጉን አዘንብላ ውሃውን ቀስ አድርጋ አፈሰሰች፣ ለእጅ በሚሆን መጠን። ጠበቀች። ደግሞ አፈሰሰች፣ ለአንገት በሚሆን መጠን። ፎጣውን ከትከሻዋ አውርዳ አጥፋ፣ ጉድጓዱ ጫፍ ላይ አስቀመጠችው።

"ታጠብና ግባ" አለችው።

ከዚያ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ጠበቀች። ምን እንደምትጠብቅ አውቃለሁ፤ እኔም አብሬያት ጠበቅሁ። ጋሼም ጠበቀ። ከታች የሚንጠባጠብ ውሃ እንጂ ሌላ ድምፅ አልመጣም።

"ምንም አልቀረህም" አለችው እናቴ። "ምንም።" ከዚያ ወደ እኛ ዞራ ባዶውን ሳፋ ለጋሼ ሰጠችው። "በሉ፣ እንሂድ።"

ጉድጓዱ አሁን ውሃ ሞልቶታል። ክብ ነው፣ ጥቁር ነው፣ እንግዳው ጠርዙ ላይ ተቀምጧል። ባለሙያዋ መጥታ አይታው፣ የመጨረሻው ትልቅ ቁራጭ ሲሰነጠቅ አየሩ እንደዚያ ሊያንኳኳና ሊተነፍስ ይችላል ብላኛለች። አምናታለሁ። ለምን በዚያ ቅደም ተከተል እንደሆነ አልጠየቅኋትም፤ እሷም አልነገረችኝም። ፎጣውን ሊያመጣ ጋሼ በማግስቱ ሄዶ ነበር፤ ባዶ እጁን ተመልሶ ሎደሩን ለሽያጭ አቀረበው። ምን እንዳየ ጠይቄው አላውቅም።

እናቴ አሁን ከተማ ነው የምትኖረው፣ ጋሼ ጋ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ። ከሥሯ ሰው እንጂ በረዶ የለም። ደህና ትተኛለች፣ ከጎረቤት ትጣላለች፣ አቧራ ትጠርጋለች። እኔ ዛሬም ጠጠር ላይ ነኝ፣ በሌላ ሰው የጠጠር ካባ፣ ከእባቡ ርቄ። ከሥራ ስመለስ አልፎ አልፎ ደረጃውን ወጥቼ በሯ ላይ እቆማለሁ። ሁለቴ አንኳኳለሁ፣ ትንፋሽ እወስዳለሁ፣ ከዚያ ሦስተኛውን።

ከውስጥ ጆጉ ሲሞላ ይሰማኛል።

"ታጠቢና ግቢ" ትለኛለች።